የጉበት ዕጢዎች ቀዶ ሕክምናና የሕሙማን ውጤት፦ ስኬቱ የሚወሰነው የት ነው?

መግቢያ

«ጉበትዎ ላይ ዕጢ ታይቷል» የተባለ ሕመምተኛ ለሐኪሙ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «በቀዶ ሕክምና ሊወጣልኝ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። እነርሱም የዕጢው ዓይነትና የሚገኝበት ቦታ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀረው ጉበት መጠንና ጤንነት፣ እንዲሁም ሕመምተኛው ወደ ሕክምና የደረሰበት ጊዜ ናቸው። ከእነዚህ ከሦስቱ መካከል ቀዶ ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሊለውጠው የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው። ቀሪው የሚወሰነው ሕመምተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት ጤና ጣቢያ፣ በተመላላሽ ሕክምና ክፍልና በአልትራሳውንድ ክፍል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የጉበት ዕጢ ቀዶ ሕክምና በምን መርሕ እንደሚሠራና ውጤቱ ምን እንደሚመስል በአጭሩ ገልጾ፣ በየደረጃው ያለ የጤና ባለሙያ በውጤቱ ላይ ያለውን ድርሻ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉበትን መቁረጥ የተቻለው እንዴት ነው?

ጉበት በአዋቂ ሰው ላይ 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ያልፍበታል። ከዚህ ደም ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ከአንጀትና ከጣፊያ ተሰብስቦ በፖርታል ደም መልስ በኩል የሚገባ ሲሆን፣ የቀረው በጉበት ደም ቅዳ በኩል ይደርሳል። አካሉ ይህን ያህል ደም የሚያስተናግድ በመሆኑ ለረጅም ዘመን ቀዶ ሐኪሞች ሊነኩት ይፈሩ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡክ በ1888 አስቀድሞ የታቀደ የጉበት ቀዶ ሕክምና ቢያከናውንም፣ የደም መፍሰስ አደጋው ለብዙ አሥርት ዓመታት መፍትሔ ሳያገኝ ቆይቷል።

ሁኔታውን የለወጡት በየጊዜው የተጨመሩ ዕውቀቶች ናቸው። በ1908 በግላስጎው ይሠራ የነበረው ጄምስ ሆጋርት ፕሪንግል ወደ ጉበት የሚገቡትን ደም ሥሮች በመግቢያቸው ላይ ለጊዜው ጨምቆ በመያዝ የደም መፍሰስን መቀነስ እንደሚቻል አሳየ። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል። በ1950ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ ጉበት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የደም መግቢያና የሐሞት መውጫ ባላቸው ስምንት ክፍሎች የተዋቀረ መሆኑን ገለጸ። የዚህ ግኝት ተግባራዊ ትርጉም ከፍተኛ ነው። ቀዶ ሐኪሙ አንዱን ክፍል ከነደም ሥሩና ከነሐሞት ቱቦው ሲያወጣ አጎራባች ክፍሎች የደም አቅርቦታቸው ሳይጓደል ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በዚህም ምክንያት አንድን ዕጢ ለማውጣት የጉበትን ግማሽ ማንሳት የግድ መሆኑ ቀርቶ፣ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ማውጣት የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ አልትራሳውንድን በቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ መጠቀም፣ ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ፣ እንዲሁም የማደንዘዣ ባለሙያዎች በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የማዕከላዊ ደም መልስ ግፊትን ዝቅ አድርገው መያዛቸው የደም መፍሰሱን በእጅጉ ቀንሶታል። ግፊቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሲሆን በሚቆረጠው ገጽ ላይ ያሉት ደም መልሶች ስለማይወጠሩ የሚፈሰው ደም ይቀንሳል።

የእነዚህ ለውጦች ድምር በሞት ቁጥር ላይ ይታያል። በ1977 በአሜሪካ ከበርካታ ሆስፒታሎች የተሰበሰበ መረጃ ከጉበት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘው ሞት 13 በመቶ፣ በትላልቆቹ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ እንደ ነበር ያመለክታል። በ2002 በኒው ዮርክ ከሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የቀረበው የ1,803 ሕሙማን ዘገባ ግን የሞቱ መጠን 3.1 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በ2003 ደግሞ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪሞች በስምንት ዓመት ውስጥ 1,056 የጉበት ቀዶ ሕክምናዎችን ያለ አንድ ሞት ማከናወናቸውን አሳተሙ። ሆኖም በኒው ዮርኩ ዘገባ ውስጥ ከሕሙማኑ 45 በመቶ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የጤና እክል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደ ገጠማቸው መዘንጋት የለበትም። ሞቱ ቢቀንስም ቀዶ ሕክምናው አሁንም ከባድ ነው።

የትኛው ዕጢ ይወጣል?

በጉበት ላይ የታየ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ያልሆነ ሁሉም ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ሄማንጂዮማ የተባለው ከደም ሥሮች የሚሠራው ዕጢ በአልትራሳውንድ ላይ በብዛት በአጋጣሚ የሚገኝ ሲሆን፣ የሕመም ስሜት ካላስከተለ በስተቀር ሊተው የሚችል ነው። ፎካል ኖዱላር ሃይፐርፕላዥያም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ የጉበት አዴኖማ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ወይም በወንድ ላይ ከተገኘ ሊደማ ወይም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል እንዲወጣ ይመከራል።

በአገራችን ከዕጢ ጋር ሊምታቱ የሚችሉ ሁለት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው የአሜባ መግል ቋጠሮ ሲሆን በመድኃኒት የሚድን ነው። ሁለተኛው ከውሻ በሚተላለፍ ጥገኛ ትል አማካይነት የሚመጣው የሃይዳቲድ ቋጠሮ ነው። ይህ ቋጠሮ ተገቢው ዝግጅት ሳይደረግ በመርፌ ከተወጋ ፈሳሹ ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤን ሊያስከትልና በሽታውን ሊያዛምት ይችላል።

ካንሰርን በሚመለከት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ከጉበት ሕዋሳት ራሳቸው የሚነሣው ሄፓቶሴሉላር ካንሰር ሲሆን፣ በአብዛኛው በሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ በአልኮል ወይም በሌላ ምክንያት በተጎዳ ጉበት ላይ ይበቅላል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ሲሮሲስ ባልያዘው ጉበት ላይም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛው ከትልቁ አንጀትና ከፊንጢጣ ተነሥቶ ወደ ጉበት የተዛመተ ካንሰር ነው። በዚህኛው ሕመምተኛ ላይ ከዕጢው ውጭ ያለው ጉበት ብዙውን ጊዜ ጤናማ ስለሆነ ሰፋ ያለ ክፍል ማውጣት ይቻላል። አንድ ባለሙያ «ካንሰሩ ጉበት ደርሷል» የሚለውን ውጤት ሲያነብ ሁልጊዜ የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ መውሰድ የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላ ጥንቃቄም አለ። ሲሮሲስ ባለበት ሕመምተኛ ላይ ዕጢው በሲቲ ስካን በደም ቅዳ ወቅት ደምቆ ከታየና ቆይቶ ከደበዘዘ ያለ ናሙና የሄፓቶሴሉላር ካንሰር ምርመራ ውጤት መስጠት ይቻላል። ሊወጣ የሚችልን ዕጢ ያለ በቂ ምክንያት በመርፌ መውጋት የካንሰር ሕዋሳትን በመርፌው መንገድ ላይ ሊዘራ ይችላል። የተሰባሰቡ ጥናቶች የዚህን አጋጣሚ መጠን 2.7 በመቶ ገደማ አድርገው አቅርበዋል። ስለዚህ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ቀዶ ሐኪሙን ማማከር ይገባል።

ከሚወጣው ይልቅ የሚቀረው

የጉበት ቀዶ ሕክምና መሠረታዊ ጥያቄ «የሚቀረው ጉበት ሕመምተኛውን ያኖረዋል ወይ?» የሚል ነው። ጉበት ከሌሎች አካላት የሚለይበት ባሕርይ ተቆርጦ ሲወሰድ የቀረው ክፍል በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሚያድግ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ እስኪያድግ ድረስ ባሉት ቀናት የቀረው ክፍል የሰውነቱን ሥራ ለብቻው መሸከም አለበት። ተቀባይነት ያገኘው መለኪያ እንደሚከተለው ነው። ጉበቱ ጤናማ ከሆነ ከጠቅላላው ቢያንስ ከ20 እስከ 25 በመቶ፣ ለረጅም ጊዜ ኬሞቴራፒ ከተሰጠው 30 በመቶ፣ ሲሮሲስ ካለው ደግሞ 40 በመቶ ያህል ሊቀር ይገባል።

የሚቀረው ክፍል አነስተኛ እንደሚሆን አስቀድሞ ከታወቀ፣ በሚወጣው ወገን ያለውን የፖርታል ደም መልስ ቅርንጫፍ በመድፈን ደሙ ወደሚቀረው ወገን እንዲዞር ይደረጋል። በጃፓን በ1980ዎቹ የተጀመረው ይህ ዘዴ የሚቀረውን ክፍል ከ4 እስከ 6 ባሉት ሳምንታት ውስጥ አሳድጎ ቀዶ ሕክምናውን አስተማማኝ ያደርገዋል።

መጠን ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በሲሮሲስ የተጎዳ ጉበት መጠኑ ቢበቃም አቅሙ ላይበቃ ይችላል። ይህንን በግልጽ ያሳየው በ1999 ከባርሴሎና የታተመው ጥናት ነው። በሄፓቶሴሉላር ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን መካከል የፖርታል ግፊት ያልጨመረባቸው ሰዎች 74 በመቶ ለአምስት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል። ግፊቱ የጨመረባቸው 50 በመቶ፣ ከግፊቱ በተጨማሪ ቢሊሩቢናቸውም ከፍ ያለባቸው ግን 25 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሦስቱም ቡድን ሕሙማን ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸዋል፤ ውጤታቸውን ያራራቀው ዕጢው የበቀለበት ጉበት ሁኔታ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሕመምተኛው በሚላክበት ጊዜ ከምስሉ ጋር አብረው ሊቀርቡ የሚገባቸው መረጃዎች ብዙ እንደ ሆኑ ነው። የቢሊሩቢን፣ የአልቡሚን፣ የደም መርጋት (አይ ኤን አር) እና የፕሌትሌት ውጤቶች፣ በሆድ ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩ፣ የጣፊያ መጠን፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ውጤትና ሕመምተኛው በዕለት ተዕለት ኑሮው ያለው አቅም ሊጻፉ ይገባል። የፕሌትሌት ቁጥር ማነስና የጣፊያ ማደግ የፖርታል ግፊት መጨመርን የሚጠቁሙ፣ በማንኛውም ሆስፒታል ሊገኙ የሚችሉ ቀላል ምልክቶች ናቸው።

ዕጢው አንድ ሆኖ፣ የጉበቱ ሥራ ያልተጓደለና የፖርታል ግፊቱ ያልጨመረ ሕመምተኛ ለቀዶ ሕክምና ተመራጭ ነው። ጉበቱ የተዳከመ ነገር ግን ካንሰሩ ውስን የሆነ ሕመምተኛ የጉበት ንቅለ ተከላ ሊታሰብለት ይችላል። በ1996 ከሚላን የወጣው መስፈርት፣ ማለትም ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ አንድ ዕጢ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጡ እስከ ሦስት ዕጢዎች፣ ዛሬም መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በጣም ትንንሽ ለሆኑ ዕጢዎች ደግሞ በመርፌ በሚሰጥ ሙቀት ማቃጠል አማራጭ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉ ቀናት

በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ዋናው ሥጋት የደም መፍሰስ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሐሞት መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ በሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠርና የጉበት ድክመት ይከተላሉ። በሦስተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ በማፍሰሻው ቱቦ የሚወጣው ፈሳሽ ቢሊሩቢን ከደሙ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ከሆነ ሐሞት እየፈሰሰ እንደ ሆነ ይቆጠራል። አይ ኤን አር እና ቢሊሩቢን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ማለታቸው የሚጠበቅ ቢሆንም፣ በአምስተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ እየጨመሩ ከሄዱ የጉበት ድክመት መጀመሩን ያሳያሉ። በ2005 ከፈረንሳይ የቀረበ ጥናት በአምስተኛው ቀን የፕሮትሮምቢን መጠን ከ50 በመቶ በታች፣ ቢሊሩቢን ደግሞ በሊትር ከ50 ማይክሮሞል በላይ የሆነባቸው ሕሙማን 59 በመቶ ያህሉ እንደ ሞቱ አሳይቷል። በመሆኑም የአምስተኛው ቀን የላቦራቶሪ ውጤት ሊታለፍ የማይገባው ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የፎስፌት መቀነስን ማረም፣ የስኳር መጠንን መከታተልና ጉበትን የሚጎዱ መድኃኒቶችን ማስወገድ የነርሶችና የሐኪሞች የጋራ ኃላፊነት ነው።

የረጅም ጊዜ ውጤት

ከትልቁ አንጀትና ከፊንጢጣ ለተዛመተ ካንሰር በ1999 ከኒው ዮርክ የቀረበው የ1,001 ሕሙማን ዘገባ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የአምስት ዓመት በሕይወት መቆየት 37 በመቶ፣ የአሥር ዓመት ደግሞ 22 በመቶ መሆኑን ገልጿል። ከዚያ ወዲህ በተሻሻሉ መድኃኒቶች ውጤቱ ይበልጥ አድጓል። በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ለማይችለው ደግሞ በ2024 የታተመው ትራንስሜት የተባለ ጥናት በጥንቃቄ በተመረጡ ሕሙማን ላይ ንቅለ ተከላን ከኬሞቴራፒ ጋር ማጣመር የአምስት ዓመት በሕይወት መቆየትን ከ12.6 ወደ 56.6 በመቶ እንደሚያደርሰው አሳይቷል።

በሄፓቶሴሉላር ካንሰር ረገድ ትልቁ ችግር ማገርሸቱ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ቢከናወንም በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ 70 በመቶ በሚደርሱት ሕሙማን ላይ በሽታው ዳግመኛ ይታያል። ከፊሉ ሳይታይ የቀረው የመጀመሪያው ካንሰር ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ በታመመው ጉበት ላይ አዲስ የበቀለ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማገርሸትን ለመከላከል አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተሰኙት መድኃኒቶች በ2023 ተስፋ ሰጪ የመጀመሪያ ውጤት ቢያሳዩም፣ በቀጣዩ ክትትል ጥቅሙ ሳይጸና ቀርቷል። በአንጻሩ ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሕመምተኛ ቴኖፎቪርን ወይም ኢንቴካቪርን ያለማቋረጥ መስጠት ጉበቱን ይጠብቃል፤ የማገርሸቱንም ዕድል ይቀንሳል። ሕመምተኛው «ዕጢው ወጥቶልኛል» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ቢያቋርጥ ቫይረሱ አገርሽቶ የቀረውን ጉበት ሊያጠፋው ይችላልና ይህንን በየቀጠሮው ማስረዳት ያስፈልጋል።

የእኛ ሕሙማንና የእኛ ድርሻ

በ2017 የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 2,566 የሄፓቶሴሉላር ካንሰር ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ልብ የሚነካ ልዩነት አሳይቷል። በግብፅ የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 58 ዓመት፣ በሕይወት የመቆየት መካከለኛ ጊዜያቸው 10.9 ወር ነበር። በሌሎቹ ስምንት አገሮች ዕድሜው 46 ዓመት፣ በሕይወት የመቆየት ጊዜው ግን 2.5 ወር ብቻ ነበር። በግብፅ ሦስት አራተኛ ያህሉ ለካንሰሩ የታለመ ሕክምና ሲያገኙ፣ በሌሎቹ ያገኙት 3 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ ማለት ቤተሰብ በሚያስተዳድሩበት፣ ልጅ በሚያሳድጉበት ዕድሜ ያሉ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ጨርሶ ሊታሰብላቸው በማይችልበት ደረጃ ላይ ይደርሳሉ ማለት ነው። ለእነዚህ ሕሙማን የቀዶ ሐኪም ብቃት የሚጠቅማቸው አስቀድመው ከደረሱ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን ያሰባሰበና በ2016 የታተመ ትንተና የሄፓታይተስ ቢ ሥርጭት 7.4 በመቶ መሆኑን ገልጿል። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ መያዛቸውን አያውቁም። ደም ሲለግሱ፣ ለእርግዝና ክትትል ሲመጡ ወይም ለውጭ አገር ጉዞ ሲመረመሩ ውጤታቸው «ፖዘቲቭ» ይባልና ያለ ክትትል ይሸኛሉ። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆንም «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባሕላዊ መድኃኒት የሚሄዱት ጥቂቶች አይደሉም። ከዓመታት በኋላ በቀኝ ጎናቸው ላይ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ይዘው ሲመለሱ ጊዜው አልፏል።

ክትትል ለውጥ እንደሚያመጣ ማስረጃ አለ። በሻንጋይ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውን ወይም የጉበት በሽታ ታሪክ ያላቸውን 18,816 ሰዎች ያካተተውና በ2004 የታተመው ጥናት በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድና በአልፋ ፌቶ ፕሮቲን መመርመር በጉበት ካንሰር የሚደርሰውን ሞት በ37 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በዚያ ጥናት ከቀጠሮዎቹ የተከበሩት 60 በመቶ እንኳ አልሞሉም ነበር። አልትራሳውንድ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚገኝ መሣሪያ በመሆኑ የሚጎድለው ሰውየውን በየስድስት ወሩ የሚጠራው መዝገብ ነው።

ስለዚህ በየደረጃው ያለ የጤና ባለሙያ የሚከተሉትን ሊያደርግ ይችላል፦

1. ሄፓታይተስ ቢ የተገኘበትን ሰው ያለ ቀጠሮ አለመሸኘት፤ የቤተሰቡን አባላት መመርመርና ነጻ የሆኑትን መከተብ፤

2. ሲሮሲስ ያለበትን፣ በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር የታየበትን ወይም ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን አዋቂ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ መከታተል፤ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ ካንሰሩ ገና በወጣትነት ዕድሜ ሊከሠት እንደሚችል ማስታወስ፤

3. ከ1 ሳንቲ ሜትር የበለጠ አዲስ እብጠት ሲታይ ሳይዘገዩ ለሲቲ ስካንና ለቀዶ ሐኪም መላክ፤ ከማማከር በፊት መርፌ አለማስገባት፤

4. በድንገት ከባድ የሆድ ሕመምና የደም ግፊት መውረድ ያጋጠመውን የጉበት ሕመምተኛ የፈነዳ ዕጢ ሊኖረው እንደሚችል ጠርጥሮ በአስቸኳይ መላክ፤

5. ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ አካባቢው የተመለሰውን ሕመምተኛ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስትና በየአራት ወሩ በምስል እንዲታይ መርዳት፤ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ መነፋት ወይም የአእምሮ መደናገር ሲታይ ወደ ሆስፒታሉ መመለስ።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ግን መከላከል ነው። ታይዋን በ1984 ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መስጠት ከጀመረች በኋላ ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በአሥር ዓመት ውስጥ ከ100,000 ልጆች ከ0.70 ወደ 0.36 ዝቅ ብሏል። በኢትዮጵያ ክትባቱ በ2007 በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ተካቶ መሰጠት ተጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ በተጨማሪ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል።

ማጠቃለያ

የጉበት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ከነበረበት የፍርሃት ዘመን ወጥቶ ዛሬ በሠለጠነ እጅ በአነስተኛ የሞት መጠን የሚከናወን፣ ለብዙዎችም ዓመታትን የሚጨምር ሕክምና ሆኗል። ነገር ግን ሕመምተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ሲወጣ የውጤቱ አብዛኛው ክፍል አስቀድሞ ተወስኗል። በዕጢው መጠን፣ በጉበቱ ጤንነትና በመጣበት ቀን ተወስኗል። «በቀዶ ሕክምና ሊወጣልኝ ይችላል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀን ሕመምተኛ «አዎን» ለማለት የምንችለው ዕጢው 3 ሳንቲ ሜትር ሳለ ያገኘነው እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሕመምተኛው ምንም አይሰማውም፤ ወደ ጤና ተቋሙ የሚያመጣው በመዝገብ የያዝነው የስድስት ወር ቀጠሮ ብቻ ነው።